የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ

ስመ ጥሩው የእግር ኳስ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁት፥ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸው ግን ስም ያገኙት በእግራቸው ነው።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ከቡድኑም ገብተው 23 ዓመት ተጫወቱ፤ በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳገቡ ይነገራል። ይኸውም በየግጥሚያው አንድ ግብ ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ቡድኑ ገና ሳይጠና ጠላት አገራችንን ያዘ። ጣሊያኖች የነጩንና የጥቁሩን ጨዋታ ለይተው ስለ ነበር ይድነቃቸው የወጣትነት ዘመናቸውን በዚህ አጥር ውስጥ አሳለፉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው የተፈጸመው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። ግብፅ፥ ሱዳን፥ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አቋቁመው የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ተሰናዱ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ውድድሩ ጀማሪ፥ ተወዳዳሪውም አራት ብቻ ስለ ሆነ አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም። አቶ ይድነቃቸውና የግብፅ የሱዳን ባልደረቦቻቸው ግን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ጉሙዙ፥ ሺናሻው፥ አማራው፥ ኦሮሞውና አገው በአንድ ሜዳ ለምንጫወት ለእኛ ለድባጤ ተማሪዎች ግን ይህ የሽንፈት ታሪክ ከብዙ ድል ይልቅ ይጥመናል።

ድሉም ቢሆን አልቀረም። በጥር 1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን፥ በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት፥ ያችኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ አስቀረ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። የካርቱሙንም ጉዳይ አልተዉትም፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን በ1968 ዓ.ም. እስኪያባርር ድረስ ተሟገቱ። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በካንሰር በሽታ ዐረፉ።

የዘር አገዛዙ ከወደቀ በኋላ በጥር 1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ ስትወስድ ጥቁሩና ነጩ በአንድ ቡድን ተሰልፈው ነበር። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልደረሱም።