ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና የአማርኛ ስም

በቡሬና በፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ዘወትር የሚገጥመው ችግር አለ። ተማሪው «ሦስት ሰው መጣ» እያለ ያደገ በመሆኑ፣ እንግሊዝኛ ከቁጥር በኋላ ስሙን የግድ እንደሚያበዛ፣ «ኢንፎርሜሽን» የመሰለው ስም ግን የብዙ ቁጥር ምልክት እንደማይቀበል ሲነገረው ግራ ይገባዋል። «ኤ» እና «ዘ» ከስም በፊት መቆማቸውም እንግዳ ይሆንበታል፤ የእርሱ ቋንቋ «ቤት» የሚለውን «ቤቱ» የሚያደርገው ከመጨረሻው ላይ ጨምሮ ነውና። ይህንኑ ችግር በተገላቢጦሽ፣ አማርኛን ለአውሮፓውያን በማስረዳት ከተጋፈጡት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ የዚያው የጎጃም ምድር ልጅ ነበሩ።

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 በጣና ሐይቅ ዳርቻ በዘጌ ተወለዱ። በ1887 ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ኢጣሊያ ልከዋቸው በቱሪን ሥዕል ተማሩ። በኋላም ለትምህርት ወደ ስዊስ ቢሄዱም፣ በዓድዋ ጦርነት ዘመን ወደ ኢጣሊያኖች ወገን ተሻገሩ። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ በ1905 የአማርኛን ሰዋስው በኢጣሊያንኛ ጽፈው፣ የተግባር ማስተማሪያ ዘዴ ብለው ሮም ላይ አሳተሙ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ኢጣሊያዊ ተማሪ ወንበሩም ጠረጴዛውም ጾታው አስቀድሞ የተቆረጠ እንዲሆን ይጠብቃል። በአማርኛ ግን የግዑዝ ነገር ጾታ እንደ ተናጋሪው ስሜት ይለዋወጣል፤ «ቤቱ» ያለው ሰው ትንሽነቷን ወይም ፍቅሩን ሊገልጽ ሲሻ «ቤቲቱ» ይላል። ተሳቢውም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው «በሬ ሸጥሁ» ሲል «ን» አያስፈልገውም፣ የታወቀው በሬ ሲሆን ግን «በሬውን ሸጥሁ» ማለት ግድ ነው። ብዛቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ከግዕዝ የወረሰው «መጻሕፍት» እያለ ሕዝቡ «መጻሕፍቶች» ብሎ ብዙውን እንደ ገና ያበዛዋል። በአፍ የለመዱትን ይህን ሁሉ በሥርዓት ለባዕድ ማስረዳት፣ የገዛ ቋንቋን ከውጭ ሆኖ መመልከትን ይጠይቃል፤ አፈወርቅም ለዚህ የበቁ ሰው ነበሩ።

በ1908 የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ በ1911 ደግሞ ስለ አማርኛ ግሥ የሚያትት መጽሐፍ አሳተሙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም፣ ከዚያም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ።

ስለ ሰዋስዋቸው የሚያደንቅ ሁሉ ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ዘሎ ማለፍ አይገባውም። ኢጣሊያ በ1936 አገሪቱን ስትይዝ ለወራሪው አደሩ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። አማርኛን ለኢጣሊያኖች ያስረዱበት ያ ችሎታ፣ ኢጣሊያኖችን ለኢትዮጵያውያን ማሞገሻ ሆነ። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ፤ እዚያም ዓይናቸው ታውሮ በ1947 አረፉ።