በር ያስከፈተች አውሮፕላን፦ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወትና ሥራ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች በትንሽ የፕላስቲክ አምሳያ እየገጣጠሙ መደርደር በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ከካርቶን ውስጥ የሚወጡት ቁርጥራጮች በስለት ከማያያዣቸው ተለቅመው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክለው፣ በሙጫ ተያይዘውና ቀለም ተቀብተው የእውነተኛውን አውሮፕላን መልክ ይይዛሉ። በዚህ ሥራ እጅግ ከሚወደዱት አውሮፕላኖች አንዱ ፒ 51 ሙስታንግ የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.28 ሜትር ሲሆን፣ በ1 ለ 48 መጠን ሲሠራ 23.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ብዙ ገጣጣሚዎችም ጅራቱን ደማቅ ቀይ ይቀቡታል፤ ምክንያቱም ባለቀይ ጅራቱ ሙስታንግ በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ በታስኪጊ፣ ሠልጥነው በአውሮፓ ሰማይ የተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች አውሮፕላን ስለ ነበረ ነው።

ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ክንፉ ከአካሉ ጋር እንዴት እንደሚገጠም በሚገባ ያስረዳል። ጥቁር ሰው መብረር አይችልም በሚባልበት አገር እነዚያ ወጣቶች በአብራሪው ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንዴት እንደ በቁ ግን አይናገርም። ያንን መንገድ ቀድመው ከጠረጉት ሰዎች አንዱ አስከሬናቸው በአዲስ አበባ ያረፈው ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ናቸው። በአገራችን ስማቸው በብዛት የሚነሣው ከማይጨው ዘመን ጦርነት ጋር ብቻ ነው። ለእኛ ለባለሙያዎች ግን ከሁሉ በላይ ልናስታውሳቸው የሚገባን የተከለከሉትን ዕውቀት በእጃቸው ሥራ ያስመሰከሩ መካኒክና አስተማሪ በመሆናቸው ነው።

ሮቢንሰን የተወለዱት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር፣ ካራቤል በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው እናታቸው ወደ ሚሲሲፒ፣ ወደ ገልፍፖርት ከተማ ይዘዋቸው ሄዱ። የእንጀራ አባታቸው በምድር ባቡር ኩባንያ የሚሠሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ልጁ ያደገው የብረትና የዘይት ሽታ በማይርቅበት ቤት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 አንድ አውሮፕላን በገልፍፖርት የባሕር ዳርቻ ሲያርፍ ማየታቸውን፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ ልባቸው ወደ ሰማይ መሸፈቱን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ ሀገር ጥቁር ልጅ በነጮች ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ እንዲቆም አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ሰማይ የሚወስደውን መንገድ ከምድር ጀመሩት፤ ለጥቁሮች ወደ ተቋቋመው ወደ ታስኪጊ ተቋም ገብተው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የአውቶሞቢል መካኒክነት ተማሩ። ከዚያም ወደ ሰሜን ተሻግረው በመጨረሻ በቺካጎ ከተማ በመኪና ጥገና ሥራ ኑሯቸውን መሠረቱ።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የተባለ ስመ ጥር የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበረ። ሮቢንሰን ለመማር ያቀረቡት ጥያቄ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ተቀባይነት አላገኘም። እርሳቸው ግን በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ወለሉን እየጠረጉ ትምህርቱን ያዳምጡ፣ በሰሌዳው ላይ የቀረውንም ጽሑፍ ሳይጠፋ ይገለብጡ ነበር ይባላል። ማታ ማታ ደግሞ እንደ እርሳቸው በር ከተዘጋባቸው ጓደኞቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ ያገኙትን ዕውቀት ይካፈሉ ነበር። ከእነዚህ ጓደኞቻቸው መካከል የቅርብ የሥራ ባልንጀራቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ይገኙበታል፤ እርሳቸውም የመኪና መካኒክ ነበሩ።

ይህ ትንሽ ቡድን ለመማሪያ የሚሆን አውሮፕላን መግዛት አቅሙ አልነበረም። በዚያን ዘመን ግን ኤድ ሂዝ የተባለ የቺካጎ ሰው ሂዝ ፓራሶል የምትባል አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን ነድፎ፣ ፈላጊ በቤቱ እንዲገጣጥማት ክፍሎቿን ለየብቻ ይሸጥ ነበር። ፓራሶል ጃንጥላ ማለት ነው፤ ስሙም የተሰጣት ክንፏ ከአካሏ በላይ በዘንጎች ተደግፎ ስለሚቆም ነው። አጽሟ ከብረት ቧንቧ፣ ክንፏ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ሲሆን፣ የሚያንቀሳቅሳት ሄንደርሰን ከተባለው ሞተር ብስክሌት የተወሰደና ለበረራ የተሻሻለ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ነበር። ጉልበቱም ከ30 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም ነበር። ሂዝ ራሱ በ1931 በበረራ አደጋ ቢሞትም ኩባንያው ስሙን ይዞ ቀጥሎ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥማቸውን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች በመሸጥ ዝናን አግኝቷል።

የፕላስቲክ አምሳያ የሚገጣጥም ሰው የክንፉን ማዕዘን በጥቂት ቢያዛባ አምሳያው ተጣሞ ይቀራል፤ ከዚህ የከፋ ነገር አይመጣም። ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ግን የገጣጠሙት ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ነበር። የላላ ብሎን፣ በቅጡ ያልተወጠረ ጨርቅ፣ ቤንዚን ያልደረሰው ሲሊንደር የሰው ሕይወት ያስከፍላል። መምህር ሳይቆምላቸው፣ ይህ ትክክል ነው የሚል ማረጋገጫ ሳይሰጣቸው ሥራውን ፈጸሙ። ከዚያም የዚያው ትምህርት ቤት አንድ ነጭ አስተማሪ አውሮፕላኗን መርምሮ አበረራት፤ በደኅናም አረፈች። ቃል ሊያሳምነው ያልቻለውን ትምህርት ቤት የሥራው ጥራት አነጋገረው። ክርክሩ በዚያ ባያበቃም፣ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ሮቢንሰንና ኮፊ ተቀባይነት አግኝተው በ1931 ትምህርታቸውን ጨረሱ። ቆይቶም ሮቢንሰን በዚያው በጠረጉት ክፍል ጥቁር ተማሪዎችን ለማስተማር በቁ።

ዕውቀቱን ካገኙ በኋላ ለብቻቸው አልያዙትም። ከኮፊ ጋር ሆነው ቻሌንጀር የተባለውን የአብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ነጮች በሚያስተዳድሯቸው ሜዳዎች መብረር ስለ ተከለከሉም ሮቢንስ በተባለች የጥቁሮች ከተማ በገዛ እጃቸው ሜዳ ደልድለው የአውሮፕላን ማቆሚያ ሠሩ። ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ማቆሚያውን ከነአውሮፕላኖቹ ቢያወድምባቸው ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው እንደገና ጀመሩ። በ1934 ሮቢንሰን ከኮፊ ጋር ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ታስኪጊ በርረው የአቪዬሽን ትምህርት እንዲከፈት ጠየቁ። በጊዜው ጥያቄው ፍሬ ባይሰጥም ዘሩ አልጠፋም፤ ዛሬ አንዳንድ ጸሐፊዎች የታስኪጊ አብራሪዎች አባት ብለው የሚጠሯቸው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያ በፋሽስት ኢጣሊያ የወረራ ዛቻ ሥር ነበረች። በአሜሪካ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ መላኩ በያን ለአገራቸው የሚረዱ ባለሙያዎችን ይፈልጉ ስለ ነበር ከሮቢንሰን ጋር ተገናኙ። ሮቢንሰንም ጥሪውን ተቀብለው በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

የአየር ኃይሉ ታሪክ ገና አጭር ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አገራችን የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊም ቀደምት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆነው ነበር። ሮቢንሰን ሲረከቡ በእጃቸው የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸውና ያረጁ፣ ፖቴዝ፣ ፎከርና ዩንከርስን የመሳሰሉ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ነበሩ። መሐንዲስ የሆነ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል፤ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም፣ የአንዱ መካኒክ ሌላውን አያውቅም። በሌላው ወገን ኢጣሊያ በመቶ የሚቆጠሩ ዘመናዊ የጦር አውሮፕላኖችን አሰልፋ ነበር። በዚህ ሚዛን የአየር ውጊያ መግጠም የማይታሰብ ስለ ነበረ የኮሎኔሉ ሥራ ትእዛዝና መልእክት ማመላለስ፣ መድኃኒት ማድረስ፣ ባለሥልጣኖችን ወደ ግንባር ማጓጓዝ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከፈት ዐድዋ ላይ ነበሩ፤ ቦምብ በከተማይቱ ላይ ሲዘንብም በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ደመናውን መሸሸጊያ፣ ተራራውን መከታ እያደረጉ፣ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን ከጠላት ተዋጊዎች እያመለጡ እስከ ፍጻሜው ድረስ አገለገሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አገሩን ለቀው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በቺካጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእልልታ ተቀበላቸው፤ እርሳቸው ግን ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመልሰው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በእነዚያ አምስት ዓመታት ሰማዩ የጠላት ብቻ ሆኖ ነበር። የጎጃም ገበሬ አውሮፕላንን በቅርብ ያወቀው በዚህ ዘመን ነው፤ አርበኞች በተነሡበት አገር ሁሉ መንደሩን፣ እህሉንና ከብቱን የሚያቃጥል ነገር ከሰማይ ሲወርድበት አውሮፕላን ማለት ለእርሱ የሞት ድምፅ ነበረ። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ማብቂያ ጠላት የቡሬን ምሽግ ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ፣ አገሪቱ ምድሯን አስመለሰች። ሰማዩን ለማስመለስ ግን አብራሪና መካኒክ ማፍራት ያስፈልግ ነበር።

ለዚህ ሥራ ኮሎኔል ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው እንደገና መጡ። ወጣት ኢትዮጵያውያንን ሰብስበው በረራና ጥገና ማስተማር ጀመሩ። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ አውሮፕላንን የሚያስታውሱት ከወረራው ዘመን ነበር፤ አሁን ሞተሩን ፈትተው በጠረጴዛ ላይ ሲደረድሩት፣ ከዚያም መልሰው ገጥመው ሲያስነሡት፣ የሚያስፈራው ነገር የሰው እጅ ሥራ እንደ ሆነ፣ የእነርሱም እጅ ሊሠራው እንደሚችል ተረዱ። ኋላ ግን አየር ኃይሉን ለማደራጀት ከስዊድን ከመጡት ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጋጩ፤ ጠቡም እስከ እጅ ስለ ደረሰ ሮቢንሰን ሥልጣናቸውን አጡ። ፎን ሮዘንም ለአገራችን ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጠው ሰው ከሕንፃው ሲወጣ ማየት ያሳዝናል። ሮቢንሰን በዚህ ምክንያት አገሩን አልጠሉም፤ ወደ ተወለዱበትም አልተመለሱም። በግል ሥራ ተሰማርተው፣ ወጣቶችንም እየረዱ በአዲስ አበባ ኖሩ።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ከአንድ ኢጣሊያዊ ባልደረባቸው ጋር በትንሽ አውሮፕላን ሲበሩ በአዲስ አበባ ወደቁ፤ የበረሩትም ለሕሙም የሚያስፈልግ ደም ለማድረስ እንደ ነበረ ይነገራል። ባልደረባቸው ወዲያው ሲሞት እርሳቸው በቃጠሎ ተጎድተው ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፉ። ከ18 ዓመት በፊት ከኢጣሊያ አውሮፕላን የሸሹት ሰው በመጨረሻው በረራቸው ጎን ለጎን የተቀመጡት ከኢጣሊያዊ ጋር ነበር። ብዙ ሕዝብም ቀብራቸውን ሸኘ።

ከዚህ ሕይወት ማኅበራችን የሚወስደው ትምህርት በድፍረት ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ደፋር ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። ሮቢንሰንን ልዩ የሚያደርጋቸው ክልከላን የመለሱበት መንገድ ነው፤ በሩ ሲዘጋባቸው የሚሠራ ነገር ሠርተው ደጃፉ ላይ አቆሙ፤ በሩ ሲከፈትም ብቻቸውን ገብተው አልዘጉትም። በሁለት አገር፣ በሁለት ትውልድ፣ የመጀመሪያው ክፍል አስተማሪ ሆኑ።

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ገጠር ልጆች ከበቆሎ አገዳ መኪናና አውሮፕላን ሲሠሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የውጭ አገር ልጅ በካርቶን ተገዝቶለት የሚገጣጥመውን አምሳያ እነዚህ ልጆች ያለ መመሪያ፣ ካዩት ብቻ ተነሥተው ይሠሩታል። አገዳው በማግስቱ ደርቆ ይሰበራል፤ የልጁም ፍላጎት ብዙ ጊዜ አብሮት ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚይዘው ነገር የሚያቀብለው ስለሌለ ነው። የወፍጮ ቤቱ አሮጌ ሞተር፣ የተጣለው የውኃ ፓምፕ፣ ከአገልግሎት የወጣው ሞተር ብስክሌት እንደ ሄንደርሰኑ ሞተር ሁለተኛ ሕይወት ሊያገኙ ይችላሉ። በየወረዳው የምንሠራ የማኅበሩ አባላት እያንዳንዳችን በአቅራቢያችን ላለ ትምህርት ቤት አንድ የሚፈታና የሚገጠም ሞተር ከነመፍቻው ብናበረክት፣ በወርም አንድ ቅዳሜ አብረናቸው ብንቆም፣ ለኮሎኔሉ ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ ይሆናል።