የሐኪሙ የላኔክ ታሪክ

ሬኔ ላኔክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1781 ዓመት በፈረንሳይ አገር፥ ካምፔር በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና የ5 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞተች። ኋላም ናንት በሚባለው ከተማ ይኖር ወደ ነበረው ወደ አጎቱ ተላከ። አጎቱ ሐኪም ነበረና ልጁ በሕሙማን መካከል አደገ፤ ሕመምተኞችን የማዳን ጥበብንም ወደደ። ሰውነቱ ደካማ ነበረ፤ ነገር ግን ትምህርቱን አልተወም። ባረፈም ጊዜ ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ እንጨትም ይጠርብ ነበር።

በ1801 ዓመት ወደ ፓሪስ ሄዶ፥ ኮርቪዛር ከሚባል ስመ ጥሩ ሐኪም ዘንድ ተማረ። በዚያ ዘመን የልብን በሽታ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበረ፤ ልብ በአጥንት ተከቦ በደረት ውስጥ የተሰወረ ነውና። ሐኪሙ በሽተኛውን ይጠይቃል፤ የእጁን የደም ሥር ይዳስሳል፤ ጋን ሙሉ ወይም ባዶ መሆኑ ሲመቱት በድምፁ እንደሚታወቅ፥ ደረቱንም በጣቱ እየመታ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜም ጆሮውን በደረቱ ላይ ያኖራል።

በ1816 ዓመት ላኔክ ኔከር በሚባለው ሆስፒታል ሲሠራ፥ ልቧን የታመመች አንዲት ወጣት ወደ እርሱ መጣች። ሰውነቷ ወፍራም ስለ ነበረ ደረቷን ቢመታ ምንም አልተለየለትም። ጆሮውን በደረቷ ላይ እንዳያኖር ደግሞ ነውር ሆነበት። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጆሮውን ያኖረ ሰው፥ በሌላው ጫፍ መርፌ ቢጫር ይሰማዋል። ስለዚህ ወረቀት ወስዶ አጥብቆ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ በደረቷ፥ ሁለተኛውን በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧንም ምት ከቀድሞው ይልቅ አጥርቶ ሰማ፤ እጅግም ተደነቀ።

ከዚያ በኋላ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል የሆነ፥ መካከሉ ክፍት የሆነ የእንጨት መሣሪያ ሠራ። ሦስት ዓመት ያህልም የብዙ ሕሙማንን ደረት አዳመጠ። የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር፤ ሕመምተኛው በሞተም ጊዜ አስከሬኑን መርምሮ፥ የሰማው ድምፅና ያየው በሽታ የተስማሙ እንደ ሆነ ያስተያይ ነበር። በ1819 ዓመት ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውጥቶ ለሐኪሞች አስታወቀ።

ይሁን እንጂ ሁሉን አላወቀም። ጤናማ ልብ በመታ ቍጥር ሁለት ድምፅ ያሰማል። ላኔክ የሁለተኛው ድምፅ ምክንያት የላይኛው የልብ ክፍል መኰማተር መስሎት ተሳሳተ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን ሁለቱ ድምፆች ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉት የልብ በሮች ሲዘጉ የሚሰሙ መሆናቸውን አስረዱ። በሮቹ ሲጠብቡ ወይም አልገጥም ሲሉ፥ ደሙ እንደ ጠባብ ፈፋ ውሃ ሹሹ ይላል፤ ሐኪሙም በዚህ ሕመሙን ይጠረጥራል።

ላኔክ ብዙ የደከመበት ሌላው በሽታ የሳንባ ነቀርሳ ነበረ። ይህም በሽታ እርሱን ራሱን ያዘው። በ1826 ዓመት ዘመዱ ሜሪያዴክ፥ እርሱም ሐኪም ነበረና፥ በዚያው መሣሪያ ደረቱን አዳመጠ። የሰማውንም በነገረው ጊዜ ላኔክ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ዐወቀ፤ ይህን ድምፅ ለሌሎች ያስተማረ እርሱ ነበረና። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በ45 ዓመቱ ሞተ። መሣሪያውንም ለሜሪያዴክ አወረሰው።

ከእርሱ በኋላ ሌሎች መመርመሪያዎች ተገኙ። የሆላንዱ ሐኪም አይንትሆቨን ልብ ሲመታ የሚነሣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ ሠርቶ፥ በ1924 ዓመት የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬም የልብን ሥዕል በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ አለ። ነገር ግን ሐኪም እስከ ዛሬ ድረስ ማዳመጫውን ከአንገቱ አላወረደም።

ወረቀት በሁሉ ሰው እጅ ነበረ፤ ለበሽተኛዋ አስቦ የጠቀለለው ግን አንዱ ነው። ለባልንጀራው የሚያስብና የሰማውን በትዕግሥት የሚመረምር ሰው፥ በእጁ ካለው ከጥቂቱ ነገር ለብዙዎች የሚሆን ጥቅም ያገኛል።