ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የትምህርት ቤቱ ወጪ

ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። የአድዋ ድል፥ የምድር ባቡሩ፥ የስልኩና የፖስታው ነገር ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን የተማርነው ስለ ሆነ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ የምናነሣው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። እኒህ ንጉሥ ለጦራቸው ስንቅና ለመሣሪያ መግዣ የሚሆነው ሀብት ከየት እንደሚመጣ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት የከፈቱትም እሳቸው ናቸው። ታዲያ ለትምህርት ቤቱ የራሱ የሆነ ገቢ ሳይወሰንለት የቀረው ስለ ምንድን ነው? በዚህስ ምክንያት ምን ደረሰ?

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፥ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወጉ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ልጁም ገና በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ተማርኮ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ተወሰደ።

ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል በምርኮ ቢቆዩም እንደ እስረኛ አልተቆጠሩም፤ በቤተ መንግሥት እንደ ልጅ አደጉ፥ የንጉሠ ነገሥቱንም ልጅ አገቡ። በዚያ ዘመን ያዩት ነገር በኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ ትምህርት ሆኗቸዋል ብንል ከእውነት አንርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ጠንካራ መንግሥት ለማቆም ቆርጠው የተነሡ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ሠራዊታቸውን የሚቀልቡበት የተደላደለ ገቢ አልነበራቸውም። ስለዚህ ጦሩ በየሄደበት የገበሬውን ጎተራ ያራቁት ጀመር፤ የተራቆተውም አገር ከድቶ ተነሣባቸው። ቋሚ ገቢ የሌለው መንግሥት የራሱን ሕዝብ እየበላ እንደሚኖር፥ እንዲህ ያለውም መንግሥት ዕድሜው አጭር እንደ ሆነ ወጣቱ ምኒልክ በዓይናቸው አዩ።

በ1857 ዓ.ም. ክረምት ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ ባላባት በወይዘሮ ወርቂት እርዳታ ሸዋ ገቡ፤ በአንኮበርም የአያታቸውን ዙፋን ያዙ። አንኮበርን ያየ ሰው ቦታው የነገሥታት መቀመጫ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። ከላይ ገብስና ስንዴ የሚያበቅለው ደጋ አለ፤ ከታች ደግሞ የይፋት ቆላ እስከ አዋሽ በረሃ ተዘርግቶ ይታያል። ማሽላና ጥጥ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከሁሉም በላይ የባሕሩ መንገድ ያለው በዚያ በኩል ነው። ከታጁራ የሚነሣው የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ በይፋት ግርጌ ባለችው በፋሬ በኩል ገብቶ፥ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ጨውና ጨርቁን ያራግፋል፤ ሲመለስም የዝሆን ጥርስ፥ ቡናና ዝባድ ይጭናል። በዚህ ንግድ ላይ የሚጣለው ቀረጥ የሸዋ ግምጃ ቤት ዋና ምሰሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ንግድ ውስጥ የሰው ንግድም ነበረበት፤ በአልዩ አምባ አጠገብ ባለው በአብዱል ረሱል ገበያ ባሪያ ይሸጥና ይገዛ ነበር። የሸዋ ኃይል የተሠራው ከዚህም ገንዘብ ጭምር መሆኑን መሸፋፈን አይገባም።

ንጉሥ ምኒልክ ይህን ገቢ በዋዛ አላባከኑትም። የአውሮፓ ነጋዴዎችና መልእክተኞች በይፋት በኩል ወደ አንኮበር ሲመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ጠመንጃና የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1879 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ንጉሡ ግን በዚያን ጊዜ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛውረው ስለ ነበር ነጋዴው አንኮበር ደርሶ ሊያገኛቸው አልቻለም። አንኮበርም ከዚያ ወዲህ እየተዘነጋች ሄደች።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን ተይዛ ነበር። የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ፈጅቶ፥ አንበጣና ድርቅ ተከትሎ፥ ሕዝቡ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱ ምሳሌያቸውን እንዲከተሉ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው እስከ ዛሬ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ካወጧቸው ደንቦች ትልቁ የዐሥራት ደንብ ነው። ቀድሞ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ፥ ያገኘውን እየበላና እያስፈጨ ይኖር ነበር። በአዲሱ ደንብ ገበሬው ካመረተው እህል ዐሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ እንዲያስገባ፥ ወታደሩም ቀለቡን ከጎተራው እንዲቀበል ታዘዘ። ደንቡ በሁሉም ቦታ እንደ ታሰበው አልተፈጸመም፤ ብዙ ገበሬ ዐሥራቱንም ከፍሎ ወታደሩንም ቀልቧል። ነገር ግን ሐሳቡ ታላቅ ነበር። ለአንድ የታወቀ የመንግሥት ወጪ አንድ የታወቀ ገቢ ተመደበለት ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዘመተው ሠራዊት ስንቅ ያገኘው በአንድ ቀን ተአምር ሳይሆን እንዲህ ባለው ዝግጅት ነው።

ከአድዋ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ ሥልጣኔ አዞሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1898 ዓ.ም. ባንክ ተከፈተ፤ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። በዚያ ሹመት የጦር፥ የፍርድ፥ የገንዘብ፥ የእርሻና የሌሎችም ሚኒስትሮች ሲኖሩ የትምህርት ሚኒስትር አልነበረም። የትምህርት ሚኒስቴር የቆመው ከ22 ዓመት በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ጉዳይ እስከዚያ ድረስ የቤተ ክህነት ፈንታ ሆኖ ቆየ።

ምኒልክ ስለ ትምህርት አላሰቡም ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከዘመናቸው መኳንንት ሁሉ አብልጠው አስበዋል። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባወጡት አዋጅ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው እንዲማር አዘዋል፤ ልጁን የማያስተምር ወላጅ ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን ወስነዋል፤ ቤቱንና መምህሩንም መንግሥት እንደሚያዘጋጅ ተስፋ ሰጥተዋል። አዋጁ ከዘመኑ እጅግ የቀደመ ነበር። ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ቤትና ለዚያ ሁሉ መምህር የሚከፈለው ገንዘብ ከየትኛው ቀረጥ፥ ከየትኛው ዐሥራት እንደሚነሣ የተወሰነ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አዋጁ ተነገረ፤ ሥራ ላይ ግን ሳይውል ቀረ።

ትምህርት ቤቱን ለመክፈት ሌላም እንቅፋት ነበረ። የውጭ አገር መምህራን ሃይማኖት ያፋልሳሉ የሚል ተቃውሞ ከቤተ ክህነት ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጳጳሱ ከአቡነ ማቴዎስ ጋር ተስማምተው መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ አደረጉ። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ጣልያንኛና ዐረብኛ፥ ከአማርኛና ከግዕዝ እንዲሁም ከሒሳብ ጋር ይሰጥበት ነበር። ተማሪው አይከፍልም፤ ወጪው ሁሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ነው። ተማሪዎቹ ግን ይበልጡን የመኳንንት ልጆች ነበሩ። ከግብፅ ከመጡት መምህራን ወደ ሐረር፥ ወደ ደሴና ወደ አንኮበር የተላኩም ነበሩ። እንግዲህ የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት የይፋትን ተራራ የረገጠው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም ከአንኮበር ቁልቁል በሚታየው ቆላ፥ ዐሥራቱን ለጎተራ ሲያስገባ የኖረው ገበሬ ልጅ ፊደል እንዲቆጥር የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ታመው ነበር። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ፤ ሕመሙ ጸንቶ አንደበታቸውን ዘጋቸው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ጊዜ ግምጃ ቤቱ የንጉሡና የመንግሥቱ በአንድነት ነበር። ጦሩ ጎተራ ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያን ርስትና ጉልት ነበራት፤ መኳንንቱ ግዛት ነበራቸው። የትምህርት ቤቱ ሀብት ግን የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ያም ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ታላቅ ትምህርት ቤት፥ ተፈሪ መኰንን፥ እስኪከፈት ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ፤ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተከፈተውም ደግሞ በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ነው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 21 ያህል፥ ተማሪዎቻቸውም 4,200 ያህል ነበሩ። ከምኒልክ አዋጅ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲቆጠር የተገኘው ፍሬ ይህ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ምኒልክ የተዉትን ጉድለት ለመሙላት የተሞከረው በኅዳር 1940 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር በወጣው አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም ለየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች እንዲውል ተደነገገ። ትምህርት በስሙ የሚጠራ ገቢ አገኘ። ግን ከፋዩ የገጠር ገበሬ ሆኖ ትምህርት ቤቱ በብዛት የሚሠራው በከተማ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት ይፋ ሆነ። ለሁሉም የተሟላ ትምህርት ለመስጠት የመንግሥት ገንዘብ አይበቃም፤ ስለዚህ አብዛኛው ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ይወሰን የሚል ሐሳብ ነበረበት። መምህራንና ወላጆች የድኻው ልጅ በር ሊዘጋበት ነው ብለው ተነሡ፤ በየካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም ሳይፈጸም ቀረ። በጀት የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፥ የማን ልጅ ይማር የሚለው ጥያቄ ራሱ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ዛሬ የአንኮበር ቅፍለት የለም። ኢጣልያኖች በጣርማ በር በኩል የሠሩት የደሴ መንገድ ንግዱን ወደ ቆላው አወረደው፤ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሸዋ ሮቢትም በመንገዱ ላይ ትልቅ ከተማ ሆነች። የሮቢን ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማው፥ ማሾና ማሽላ የሚዘራው የይፋት ገበሬ ልጆች አሁን በአጠገባቸው ትምህርት ቤት አላቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ቤቱን ወጪ በአብዛኛው የሚችለው ወረዳው ነው፤ የወረዳው የትምህርት በጀትም ይበልጡን የሚሄደው ለመምህራን ደመወዝ ነው። በጀቱ ሲቀነስ ደመወዝ በቀላሉ አይነካም፤ የሚቀረው መጽሐፉ፥ ጠመኔው፥ የቤተ ሙከራው ዕቃ፥ የወንበሩ ጥገናና አዲስ የሚቀጠረው መምህር ነው። ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፤ ቅጥሩና ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ከዚህም ላይ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡ በመጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክን ስናመሰግን በሙሉ ልብ እናመስግን። ማንም ባላሰበው ጊዜ የድኻውም የመኳንንቱም ልጅ፥ ሴቷም ወንዱም ይማር ብለዋል። ነገር ግን ከሕይወታቸው የምናገኘው ትልቁ ትምህርት ከሠሩት ብቻ ሳይሆን ከጎደለባቸውም ነው። ለጦር ያሰቡትን ያህል ለትምህርት ቢያስቡ፥ ከአልዩ አምባ ቀረጥ ወይም ከይፋት ዐሥራት ጥቂቱን ለትምህርት ቤት ብለው በደንብ ቢያጸኑ ኖሮ፥ ሕመማቸው የትምህርት ቤቱ ሕመም ባልሆነ ነበር። ከሌላው ሁሉ በተረፈ ገንዘብ የሚኖር ትምህርት ቤት፥ የሚተርፍ ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው።

እኛ ዩኒቨርሲቲ የደረስን ተማሪዎች በዚያ ገበሬ ግብር የተማርን ነን። ነገ ከመካከላችን በገንዘብ ሚኒስቴር፥ በክልል ምክር ቤት ወይም በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በጀት የሚያዘጋጅ አይጠፋም። ያ ወንድማችን ወይም ያች እኅታችን ብዕሩን አንሥቶ ከየትኛው መስመር ላይ ልቀንስ ብሎ ሲያስብ፥ ከአንኮበር ቁልቁል የሚታየውን ቆላና በዚያ ፊደል ሳይቆጥር ዐሥራት ሲከፍል የኖረውን ሰው ያስታውስ።