ዊሊያም ብላንፎርድ እና የአንታሎ ድንጋይ

የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ የተማረ ሁሉ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ የሚሉትን የድንጋይ ስሞች ለፈተና ሸምድዷል። እኔም ሸምድጃለሁ። ነገር ግን የምዕራብ ሐረርጌ ልጅ እንደመሆኔ አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ነበር። በመቻራ ዋሻዎች የምናየውን የኖራ ድንጋይ ትግራይ ውስጥ ባለች ከተማ ስም የምንጠራው ለምንድን ነው? መልሱን ስፈልግ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር ተዋወቅሁ። በዚህች አጭር ጽሑፍ እሱን ለውድ አንባቢያን ላስተዋውቅ እወዳለሁ።

ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1832 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ ጣሊያን አገር በአንድ ንግድ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቷል። ንግዱን ትቶ ግን ለንደን በሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም ጀርመን አገር ፍራይበርግ ተማረ። በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር የሕንድ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ገና ጀማሪ ሳለ ታልቺር በተባለ ሥፍራ ከደቃቅ ጭቃ ጋር የተቀላቀሉ ትልልቅ ቋጥኞችን አየና በረዶ ሳያመጣቸው አልቀረም አለ። በዚያ በሚያቃጥል አገር በረዶ ነበር ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ወንድሙ ሄንሪ ደግሞ በደቡብ ሕንድ የተገኙትን የናውቲለስና የቤሌምናይት ቅሪተ አካላት አጥንቶ በ1861 አሳተመ። እነዚህ የአሞናይት ዘመዶች ናቸው። አሞናይት እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ዛጎል የነበረው የባሕር እንስሳ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ጠፍቷል። ታዲያ ለሳይንስ ምን ይጠቅማል? ዓይነቱ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ነበር፤ በባሕርም በሰፊው ይሰራጭ ነበር። ስለዚህ አንዱን ዓይነት አሞናይት እዚህና አውሮፓ ካገኘነው ሁለቱ ድንጋዮች በዕድሜ እኩያ ናቸው ማለት ነው። በሐረርጌ የጁራሲክ ዘመን ድንጋዮች ውስጥም አሞናይቶች ተገኝተዋል።

ብላንፎርድን ወደ አገራችን ያመጣው ጦርነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ ሲነሣ እሱም በጂኦሎጂ ባለሙያነት አብሮ ተላከ። መንገዱ ከዙላ ወደ ሰንዓፈ፣ ከዚያ በአዲግራትና በአንታሎ (ዛሬ ሕንጣሎ በምንላት) አድርጎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል እስከ መቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ፤ ጦሩም ከመቅደላ ዘውድና የብራና መጻሕፍት ዘርፎ ተመለሰ። የብላንፎርድን ሥራ ስናደንቅ ይህንን መርሳት የለብንም።

እንግዲህ ጦር የፈለገው ቦታ ላይ አይቆምለትም፤ ብላንፎርድ ያየው ያንን መንገድና አካባቢውን ነው። እየሄደ ግን ድንጋዩን በቅደም ተከተል መዘገበ። ከሥር የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ በላዩ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሳቸው የአሸንጌና የመቅደላ ድንጋዮች አሉ። ከአንታሎ የሰበሰባቸው የባሕር ዛጎሎች ድንጋዩ የጁራሲክ ዘመን መሆኑን አሳወቁ። በ1870 ስለ ሐበሻ ምድር ጂኦሎጂና እንስሳት መጽሐፉን አሳተመ።

የጁራሲክ ባሕር ወደ መሬታችን የገባው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከትግራይ ይልቅ የኛን ሐረርጌ ቀድሞ ሸፍኗል። ሆኖም ስሙ የተሰጠው ባሕሩ በሄደበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ሰውዬው ባለፈበት መንገድ ነው። በእኛ በኩል አላለፈም። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዚሁ ስም ተጠቀሙና የመቻራም ድንጋይ አንታሎ ተባለ።

ብላንፎርድ ከዚያ በኋላ በፋርስና በሕንድ ብዙ ሠርቷል። በ1879 ከሜድሊኮት ጋር የሕንድን ጂኦሎጂ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1883 የዎላስተን ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በኋላም የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1905 አረፈ።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኔ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ዛጎሉን ያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ከየት ቦታ፣ ከየትኛው ድርብርብ እንዳነሣው የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ቦታው ያልተጻፈለት አሞናይት ቢያምርም ለመደርደሪያ ጌጥ ከመሆን አያልፍም፤ የመጣበትን ንብርብር ዕድሜ ሊነግረን አይችልም። ብላንፎርድ ጦር እየተከተለም ቢሆን ቦታውን ስለጻፈ ሥራው ዛሬም ይነበባል። በበዴሳም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በጭሮ ለመንገድና ለቤት ድንጋይ ሲፈለጥ ቅሪተ አካል ቢገኝ፣ ከመንካታችን በፊት ፎቶ እናንሣው፤ ቦታውንና ድርብርቡን እንጻፍ፤ ለሚመለከተው አካልም እናሳውቅ። አንዴ ከተፈለጠና ከተበተነ መልሶ የሚያነበው የለም። የሩቅ ሰው በጥቂት ወራት እግረ መንገዱን ያን ያህል ከጻፈ፣ እዚሁ ተወልደን ያደግን እኛ ደብተርና እርሳስ ይዘን ብንወጣ ምን ይቸግረናል?