ክሌር ፓተርሰን፤ የእርሳስን ዱካ በውቅያኖስና በበረዶ የተከታተሉ ኬሚስት

በኬሚስትሪ ሙያ መጠኑ እጅግ አነስተኛ የሆነን ነገር መለካት ብርቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሚለካው ነገር በአቧራውም፣ በውሃውም፣ በሙከራ ዕቃውም ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ችግሩ እጥፍ ድርብ ይሆናል። አሜሪካዊው ሊቅ ክሌር ካሜሮን ፓተርሰን ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓተርሰን በ1922 በአዮዋ ግዛት ሚቸልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በግሪኔል ኮሌጅ ኬሚስትሪ ከተማሩ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ለመሥራት ባቋቋመችው ድርጅት ውስጥ በኦክ ሪጅ አገለገሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በፕሮፌሰር ሃሪሰን ብራውን መሪነት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1951 አገኙ።

በቺካጎ የተሰጣቸው ሥራ በጥንታዊ አለቶች ውስጥ ያለውን እርሳስ መለካት ነበር። ዩራኒየም በረዥም ዘመን ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ የሁለቱ መጠን ከታወቀ የአለቱን ዕድሜ ማስላት ይቻላል። ይሁን እንጂ ወጣቱ ተመራማሪ ያገኙት የእርሳስ መጠን ሁልጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ይሆንባቸው ነበር። ምክንያቱን ሲመረምሩ ትርፉ እርሳስ ከአለቱ ሳይሆን ከክፍሉ አየር፣ ከኬሚካሎቹ፣ ከብርጭቆዎቹና ከሠራተኛው ልብስና ፀጉር የመጣ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1952 ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲዛወሩ አየሩ የተጣራ፣ ዕቃው በአሲድ ደጋግሞ የታጠበ ቤተ ሙከራ አደራጁ። በዚህም ጥንቃቄ ከሰማይ የወደቁ አለቶችን መርምረው የመሬት ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን በ1956 ባወጡት ጽሑፍ አረጋገጡ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልደረሰበትም።

ይህ ብቻ ስማቸውን ለማስጠራት በበቃ ነበር። ፓተርሰን ግን የዘወትር ጠላታቸው የሆነው እርሳስ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ ውቅያኖስ ፊታቸውን አዞሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት በባሕሩ ገጽ ያለው እርሳስ በጥልቁ ካለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑን ተረዱ። ገጹን የበከለው ነገር በቅርብ ጊዜና ከላይ የመጣ መሆን አለበት። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ከመኪና ጢስ ጋር እየወጣ፣ በነፋስ እየተበተነ ባሕር ላይ ይወርድ ነበርና።

ፓተርሰን ወደ ግሪንላንድና ወደ አንታርክቲካ በረዶም ተሻገሩ። በ1969 የታተመው ጥናት በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ያለው እርሳስ ከጥንቱ ዘመን ወዲህ ከ200 እጥፍ በላይ ማደጉንና ጭማሪውም ከ1940 በኋላ እጅግ የፈጠነ መሆኑን አሳየ።

በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ በዘመኑ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሯዊው መጠን 100 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ገመቱ። በዚያን ጊዜ በዘርፉ ተሰሚነት የነበራቸው የእርሳስ ኢንዱስትሪው አማካሪ ዶክተር ሮበርት ኪሆ፣ በሰው ደም ውስጥ እርሳስ መገኘቱ የተፈጥሮ ነገር እንደሆነና ከተወሰነ መጠን በታች ጉዳት እንደሌለው ያስተምሩ ነበር። ሁለቱም በ1966 በሴናተር ኤድመንድ መስኪ ሰብሳቢነት በተቋቋመው ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው አስረዱ። የፓተርሰን መልስ ግልጽ ነበር፤ በሰዎች ሁሉ ላይ የሚታየው ነገር የተለመደ ይሁን እንጂ ተፈጥሯዊ ነው ማለት አይደለም። ኪሆ ለንጽጽር የተጠቀሙባቸው ሰዎችና ናሙናዎች ራሳቸው አስቀድመው የተበከሉ ነበሩ።

ይህ አቋም ዋጋ አስከፈላቸው። ከነዳጅ ኢንዱስትሪው ያገኙት የነበረው የምርምር ገንዘብ ተቋረጠ። በ1971 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በአየር ስላለው እርሳስ ያወጣውን ዘገባ ባዘጋጀው ጉባኤ ውስጥም አልተካተቱም።

እሳቸው ግን መለካታቸውን አላቋረጡም። በ1980 ከባልደረባቸው ጋር፣ በእርሳስ በተበየደ ቆርቆሮ የታሸገ የቱና ዓሣ ከትኩሱ በሺህ በሚቆጠር እጥፍ የሚበልጥ እርሳስ እንዳለበት አስታወቁ። በ1981 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ፓሲፊክ ጥልቅ ውሃ ውስጥ በአንድ ኪሎ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ግራም ያህል እርሳስ ብቻ መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በፊት የራሳቸውን ጨምሮ የታተሙት የጥልቅ ውሃ ቁጥሮች በአመዛኙ የመርከቡንና የመቅጃውን ብክለት የሚገልጹ ሆነው ተገኙ። ፓተርሰንም የቀድሞ ውጤታቸውን በአዲሱ ከማረም ወደኋላ አላሉም።

በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ አዳዲስ መኪናዎች እርሳስ የሚያበላሸው የጢስ ማጣሪያ ስለተገጠመላቸው እርሳስ አልባ ቤንዚን ተስፋፋ። ከ1976 እስከ 1991 ባለው ጊዜ ውስጥ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ ያለው አማካይ የእርሳስ መጠን በ78 በመቶ ቀነሰ። ፓተርሰን በታኅሣሥ 1995 አረፉ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአገራቸው ለመንገድ ተሽከርካሪ ፈጽሞ የተከለከለው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጥር 1996 ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ በተደረሰው ስምምነት መሠረት እስከ 2006 መግቢያ ድረስ እርሳስን ከቤንዚናቸው አስወገዱ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ሽያጩን ያቆመችው በ2021 ነበር።

ዛሬ በየቤተ ሙከራው ናሙና ከመመርመሩ በፊት ባዶው ዕቃና ንጹሑ ውሃ ለብቻቸው ሲለኩ፣ የፓተርሰን ሥራ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይታያል። ይህን ቀላል የሚመስል ግዴታ ችላ ያለ ኬሚስት የሚዘግበው ቁጥር የናሙናው ይሁን የገዛ እጁ ሊያውቅ አይችልም፤ በዚያ ቁጥር ተመርቶ ሕግ የሚያወጣውና ውሃ የሚጠጣው ሕዝብ ግን ውጤቱን ይቀበላል።