ቢል ብራንት

ቢል ብራንት (ሜይ 2 ቀን 1904 – ዲሴምበር 20 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.) የብሪታኒያ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በጥቁርና ነጭ ባነሳቸው የእርቃን ፎቶዎች ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሰው ጉልበት ወይም ክርን ከባሕር ዳር ድንጋይ ለመለየት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ጀርመን ውስጥ በሀምቡርግ ከተማ ነው። አባቱ የብሪታኒያ ዜጋ ስለነበሩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያው ጀርመን ውስጥ ታስረዋል። ብራንት ግን በኋላ ጀርመናዊ ትውልዱን ደብቆ፣ ደቡብ ለንደን እንደተወለደ ይናገር ነበር።

በወጣትነቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በስዊዘርላንድ ዳቮስ ታከመ። ከዚያ ቪየና ሄዶ ፎቶግራፍ ጀመረ። በ1930 ደግሞ ፓሪስ በማን ሬይ ስቱዲዮ ለጥቂት ወራት ሠራ፤ ከሱሪያሊዝም፣ ማለትም ሕልም መሰል ነገሮችን ከሚያሳየው የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ፣ ጋር በቅርብ የተዋወቀው እዚያ ነው።

ለንደን ከተቀመጠ በኋላ በ1936 ስለ እንግሊዞች የቤት ኑሮ የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። በዚያ ዘመን ካነሳቸው የመንገድና የቤት ትዕይንቶች በአንዳንዶቹ ላይ የሚታዩት ሰዎች የራሱ ቤተሰቦችና ወዳጆች ናቸው፤ እንዲቆሙለት እየጠየቀ ያነሳቸው ነበር። ይህ ዛሬ በጋዜጠኝነት ነውር ይሆናል፤ እርሱ ግን ራሱን እንደ ጋዜጠኛ ብቻ አልቆጠረም። በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የተጠለሉትን ሰዎች ለመንግሥት አንስቷል።

የእርቃን ሥራውን በ1940ዎቹ አጋማሽ የጀመረው ፖሊስ የወንጀል ቦታ ይመዘግብበት በነበረ አሮጌ የኮዳክ የእንጨት ካሜራ ነው። ሌንሱ በጣም ሰፊ፣ የብርሃን ቀዳዳው ደግሞ በጣም ጠባብ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ያስገባል። በመመልከቻው ግን ምስሉ ደብዝዞ ስለሚታይ ብራንት ውጤቱን በሚገባ የሚያየው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነበር። ለካሜራው የቀረበው እጅ ወይም እግር ይገዝፋል፣ ራቅ ያለው ራስ ያንሳል። (ስልክን ፊት ላይ አስጠግተን ስናነሳ አፍንጫ የሚተልቀው በዚሁ ምክንያት ነው።) በ1950ዎቹ ሥራውን ከክፍል አውጥቶ ወደ ምሥራቅ ሰሴክስና ወደ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻዎች ወሰደው። ጆሮ፣ ጣት፣ ክርን ከጠጠሩ መካከል እየተነጠለ መታየት የጀመረው ያኔ ነው። የእነዚህ ፎቶዎች ስብስብ በ1961 ታተመ።

ብራንት ሕትመቱንም በጨለማ ክፍል ራሱ ይሠራ ነበር፤ በብሩሽና በምላጭም ያርመው ነበር። በኋለኛው ዘመኑ መካከለኛውን ግራጫ እያጠፋ ጥቁሩንና ነጩን ብቻ ማስቀረት ወደደ፤ የ1930ዎቹን ፎቶዎቹንም በዚሁ መንገድ እንደገና አተማቸው። ስለዚህ የአንድ ፎቶ ቀደምትና ዘግይቶ የታተመ ቅጂ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በመጀመሪያው ላይ የሚታይ የግድግዳ ጡብ በሁለተኛው ላይ ጥቁረት ውጦት ይገኛል።